ከቀላድ እስከ ሳተላይት፦ የመሬት ልኬትና የመዝገቡ ስም



የመሬት ልኬት ታሪክ ዘወትር የሚተረከው በመሣሪያው፣ ከገመድ ወደ ሳተላይት በተደረገው ጉዞ ነው። እኔ ዛሬ የምጠይቀው በመዝገቡ ላይ የማን ስም እንደ ሰፈረ ነው።

በ19ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ፣ በዳግማዊ አፄ ምኒልክ ዘመነ መንግሥት፣ የደቡቡ መሬት በቀላድ እየተለካ በጋሻ ተደለደለ፤ አንድ ጋሻ በአማካይ 40 ሄክታር ያህል ነው። ገመዱ ባለፈባቸው አውራጃዎች ስሙ በመዝገብ ያልሰፈረው አራሽ አብዛኛው ጭሰኛ ሆኖ እስከ የካቲት 1967 ዓ.ም. አዋጅ ድረስ ቆየ።

በ1990ዎቹ ዓ.ም. የገጠር ይዞታ ምዝገባ ሲጀመርም ገመድ አልቀረም። ሆኖም በትግራይ ደብተሩ የተሰጠው በቤተሰቡ ኃላፊ ስም ሲሆን፣ በአማራ ክልል የባልና የሚስት ስምና ፎቶግራፍ ጎን ለጎን ሰፈረ። መሣሪያው ተመሳሳይ ሳለ፣ የሚስቲቱን መብት የለየው የቅጹ ዐምድ ነበር።

ዛሬ በሁለተኛው ደረጃ ምዝገባ የአየርና የሳተላይት ምስል የማሳውን ዳር በካርታ ያሳየናል። ባለይዞታው ማን እንደ ሆነ ግን ዛሬም የሚመሰክሩት አዋሳኞች ናቸው። ስለዚህ የቅየሳ ተማሪዎች መሣሪያውን ከመትከላቸው በፊት ቅጹን እንዲያነቡ እመክራለሁ።