ንቀት ወይስ ርስት? የብረት ሥራና የኅብረተሰብ ድጋፍ ከዋግ ኽምራ ሲታይ

ስለ ማዕድንና ስለ ፋብሪካ በሚዘጋጁ የእቅድ ሰነዶቻችን ውስጥ ኅብረተሰቡ ሥራውን እንዲደግፍ አስቀድሞ ግንዛቤ ይፈጠርለት የሚል አንቀጽ መግባቱ የተለመደ ነው። ሰቆጣ፣ ኒሯቅ ወይም ዝቋላ ላይ ሰው ሰብስቦ ስለ ብረት ማቅለጫ ማስረዳት አይከፋም። የሚከፋው ከአንቀጹ ሥር የተቀበረው ግምት ነው። በዚህ ግምት የደጋው ገበሬ ቀጥቃጭን የሚንቅ ስለሆነ ብረት ሥራ በዚህ አገር ያላደገው በንቀቱ ምክንያት ነው፤ ስለዚህ ከምድጃው በፊት መታደስ ያለበት የገበሬው አስተሳሰብ ነው። ይህ መጣጥፍ ግምቱን ይቃወማል። ብረት ሥራን በዚህ አገር ከፍ ወይም ዝቅ ሲያደርገው የኖረው የመሬት ጉዳይና ብረቱ ወደ ማን ይመለሳል የሚለው ጥያቄ እንደሆነ አሳያለሁ።

ስለ ማዕድኑ ብዙ የምከራከረው የለኝም። በሰቆጣ ዙሪያ የብረት ማዕድን እንዳለ ይታወቃል፤ በወለጋ የቢቂላሉ ቲታኒየም የተቀላቀለበት መሆኑም እንዲሁ። አንድ ቶን ብረት በተለመደው ከፍተኛ ምድጃ ለማውጣት ወደ 1.4 ቶን የማዕድን ድንጋይና 0.8 ቶን ገደማ ኮክ የሚሆን የድንጋይ ከሰል ያስፈልጋል፤ የእነ ያዩና የእነ ደልቢ ከሰል ደግሞ ለኮክ የሚሆን አይደለም። በአቃቂ፣ በቢሾፍቱና በሌሎችም ከተሞች ፌሮ የሚያወጡ ፋብሪካዎቻችን የሚሠሩት በውዳቂ ብረትና ከውጭ በሚገባ ቢሌት ነው። ከተከዜ ግድብ እ.ኤ.አ. ከ2009 ጀምሮ 300 ሜጋ ዋት ኃይል የሚያመነጭ ጣቢያ በዋግ ደጃፍ አለ። የዚህን ሁሉ ዝርዝር ለመሐንዲሶች እተወዋለሁ።

የምከራከረው ከማኅበረሰብ አጥኚው ዶናልድ ሌቪን ጋር ነው። እ.ኤ.አ. በ1965 የታተመው የሌቪን «ሰምና ወርቅ» ስለ አማራ ገበሬ ከተጻፉት ሁሉ ይበልጥ የተነበበ ነው ማለት ይቻላል። የመጽሐፉ ደራሲ አገራችንን የሚወድ፣ ቋንቋችንን የተማረ ሰው ነበር። ሆኖም ስለ እጅ ሙያ ያለው አመለካከት ተከታዮቹን አሳስቷል። በእርሱ ሥዕል ውስጥ የገበሬው ክብር እርሻ፣ ጦርነትና ክህነት ነው። ብረት፣ ሸክላና ቆዳ ለተገለሉ ጥቂቶች የተተዉ ናቸው፤ መገለሉም ከእምነትና ከጠባይ ይመነጫል። ከእርሱ በኋላ የመጡ ብዙዎች ይህን እንደ መጨረሻ ማብራሪያ ያዙት፦ ንቀት ስላለ ሙያው አላደገም። ታሪክ ጸሐፊው ሪቻርድ ፓንክረስትም እ.ኤ.አ. በ1968 ባሳተሙት የኢትዮጵያ የኢኮኖሚ ታሪክ የውጭ ተጓዦችን ምስክርነት በልዩ ትጋት ሰብስበዋል። ግን ተጓዡ የሚያየው አንጥረኛው ዳር መቀመጡን ነው፤ የመሬቱን መዝገብ አያይም።

ንቀቱ መኖሩን ማንም አይክድም። ቡዳ የሚለው ስም፣ አብሮ አለመብላቱ፣ አለመጋባቱ እውነት ነው። አፄ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ሠራተኛን በሙያው የሚሰድብ ሰው እንዲቀጣ አዋጅ ያወጡት ስድቡ ስለነበረ ነው። ጥያቄው ግን ንቀቱ ምን አደረገ የሚል ነው። እዚህ ላይ የንቀት ማብራሪያ ሊያልፈው የማይችለው አንድ ነገር አለ። በደጋው አገር ብረት ሥራ ሁለት ክፍል ነበረው፤ ድንጋዩን አቅልጦ ብረት ማውጣትና የወጣውን ብረት ቀጥቅጦ መሣሪያ ማድረግ። የመጀመሪያው በብዙ ቦታ ሞቷል። ሁለተኛው እስከ ዛሬ አለ። ንቀቱ በዋናነት ያረፈው በማን ላይ ነው? በቀጥቃጩ። ንቀት ሙያ የሚገድል ቢሆን ኖሮ አስቀድሞ መሞት የነበረበት የተናቀው ቀጥቃጭ ነበር። ቀጥቃጩ ኖረ፣ ማቅለጫው ጠፋ። አቅላጩና ቀጥቃጩ በብዙ ቦታ አንድ ሰው ነበር የሚል መልስ ይሰጥ ይሆናል። ያ ደግሞ ማስረጃዬን ያጠናክረዋል፤ አንዱ ሰው አንዱን ሥራ ትቶ ሌላውን ከያዘ ምክንያቱ በሁለቱም ላይ እኩል ካረፈው ስድብ ሊመጣ አይችልም።

ታዲያ ማቅለጡን ምን ገደለው? መልሱ ከውጭ የገባው ብረት ነው። የጅቡቲው ባቡር ድሬዳዋ የደረሰው እ.ኤ.አ. በ1902፣ አዲስ አበባ የደረሰው በ1917 ነው። ከዚያም በጣሊያን ጊዜ በተሠራው መንገድ የጭነት መኪና መጣ፤ ከመኪናው ጋርም ባሌስትራ። ይህ ለአንጥረኛ ታላቅ ነገር ነበር። በአገር ምድጃ የሚወጣው ብረት ለስላሳ ነው፤ ካርቦኑ ጥቂት ስለሆነ የማረሻ ጫፍ ሲሆን ቶሎ ያልቃል። ባሌስትራ ግን ከመቶ ግማሽ እጅ ገደማ ካርቦን ያለበት የስፕሪንግ ብረት ነው፤ ተሞቆ ውኃ ሲጠጣ ይጠነክራል፣ በመጠኑ ሲመለስ አይሰበርም። ድንጋያማ መሬት የሚያርስ የዋግ ገበሬ ይህን ልዩነት በበሬው ትንፋሽ ያውቀዋል። ስለዚህ ከሰል አክስሎ፣ ድንጋይ ፈጭቶ፣ ወናፍ ሲነፋ ውሎ ጥቂት ለስላሳ ብረት ከሚያወጣ ይልቅ አንጥረኛው የመኪና ባሌስትራ መግዛትን መረጠ። ይህ የንቀት ምርጫ አልነበረም። የተሻለ ማረሻ የመፈለግ ምርጫ ነበር። ጁዲት ቶድ በደቡብ ምዕራብ በዲሚዎች ዘንድ ስለ ብረት ማቅለጥ እ.ኤ.አ. በ1985 ያሳተመችው ጥናትም ከባቡሩና ከዋናው መንገድ ርቆ በነበረ አገር ያለውን ሙያ የሚያሳይ መሆኑ ከዚህ ጋር ይስማማል።

የሚገርመው ይህን ጉዳይ ከሁሉ አስቀድሞ የተረዳው ሰው በዚህ ክርክር ውስጥ አለመጠቀሱ ነው። ነጋድራስ ገብረ ሕይወት ባይከዳኝ ከሞተ በኋላ በ1916 ዓ.ም. የታተመው «መንግሥትና የሕዝብ አስተዳደር» ዕውቀት የሌለው ሕዝብ ዕውቀት ካለው ሕዝብ ጋር ሲነግድ እንዴት ድካሙን በርካሽ እንደሚሸጥ የሚያስረዳ ነው። መጽሐፉ ዛሬ የሚነሳው ስለ ንድፈ ኢኮኖሚ ቀዳሚነቱ ነው። ጸሐፊው ግን በድሬዳዋ ጉምሩክ ላይ የተቀመጠ፣ ዕቃው በፊቱ ሲያልፍ የሚያይ ሹም ነበር። የአገር ሙያ የሚደክምበትን መንገድ ከሰው ጠባይ አልፈለገም፤ ከሰላም እጦት፣ ከዕውቀት ማነስና ከልውውጡ አለመመጣጠን ነው የፈለገው። ስለ ብረት ሥራ የሚጽፍ ሰው ገብረ ሕይወትን ትቶ ሌቪንን መጥቀሱ በእኔ እምነት ትልቅ ጉድለት ነው።

ንቀቱ ራሱስ ከየት መጣ? እዚህ ላይ የጄምስ ኪዊሪን ሥራ ወሳኝ ነው። እ.ኤ.አ. በ1992 ስለ ቤተ እስራኤል ባሳተመው ታሪክ ውስጥ ነገሩ ተገልብጦ ይታያል። በ15ኛው መቶ ዘመን መጀመሪያ በአፄ ይስሐቅ ዘመን ያልተጠመቀ ርስት አይውረስ ተባለ። ርስቱን ያጣው ሰው መሬት የማይጠይቅ ኑሮ ያዘ፦ ብረት፣ ሸክላ፣ ሽመና። ሙያው ርስት ማጣትን ተከትሎ መጣ። ቀጥሎ ያለው ይበልጥ ይናገራል። አፄ ፋሲለደስ እ.ኤ.አ. በ1636 ጎንደርን ከቆረቆሩ በኋላ ቤተ መንግሥቱና አብያተ ክርስቲያናቱ ሲገነቡ ከእነዚሁ ሙያተኞች መካከል ሹመትና መሬት ያገኙ ነበሩ፤ ደረጃቸውም ከፍ አለ። ዘመነ መሳፍንት ገብቶ ግንባታው ሲቆም፣ ጉልቱም ሲፈርስ መገለሉ እንደገና ጠበቀ። ንቀት የባህል ሥር ነው ከተባለ ለምን በጎንደር ዘመን ላላ? ለምንስ በመሳፍንት ዘመን ተመልሶ ጠና? ከመሬቱ ጋር ሲወጣና ሲወርድ ከታየ ከመሬቱ ጋር የተያያዘ ነው።

አንድ ተቃውሞ ይቀርባል። በ1967 ዓ.ም. የገጠር መሬት አዋጅ ለአንጥረኛውም መሬት ሰጠ፤ ንቀቱ ግን ዛሬም አልጠፋም ይባላል። እምነት ከሕግ ዘግይቶ ይሄዳል። ደግሞም አዋጁ ለአንጥረኛው የሰጠው የሚያርሰውን ማሳ ነው፤ መስፉንና ወናፉን የሚያቆምበት፣ የሙያውን ማደግ የሚያስተማምን ይዞታ አልሰጠውም። ስለዚህ ልጁ ወደ ሞፈር ሄደ። ይህ ከተከራካሪዬ ይልቅ ለእኔ ሐሳብ ይመሰክራል።

የንቀት ማብራሪያ ተከታዮች የአፄ ቴዎድሮስ መድፍ የተሠራበትን ጋፋትንም ይጠቅሳሉ። የባዕድ ሠራተኛ ባይመጣ ንጉሡ መድፍ ባላገኙ ነበር ይላሉ። በጋፋት ስለ ሠሩት ባዕዳን፣ ስለ እነ ዋልድማየር ብዙ ተጽፏል። ስለ ከሰሉ፣ ስለ ስንቁና ስለ ጉልበቱ የተጻፈው ጥቂት ነው። ሴቫስቶፖል የተባለችው ትልቅ መድፍ እ.ኤ.አ. በ1867 ተቀልጣ ስትወጣ ከብረት ሳይሆን ከነሐስ ነበረች። በዚያው ዓመት መገባደጃ አፄ ቴዎድሮስ ደብረ ታቦርን አቃጥለው፣ ድንጋይ በገዛ እጃቸው እያነሱ፣ መንገድ እየጠረጉ መድፉን እያስጎተቱ ወደ መቅደላ ሲሄዱ የበጌምድር ገበሬ ሸፍቶ ነበር። የአባታቸው ደም በንጉሡ እጅ የፈሰሰባቸው ዋግሹም ጎበዜም ከሩቅ ይጠብቁ ነበር። ጋፋት የወደቀው ሙያ ስለተናቀ አይደለም፤ ምድጃው ከገበሬው ጉልበትና እህል ወስዶ አንድ ማረሻ እንኳ ስላልመለሰለት ነው። ንጉሡ ሚያዝያ 6 ቀን 1860 ዓ.ም. ሲሞቱ ምድጃውን አቁሜ ልጠብቅ የሚል አንድ መንደር አልተገኘም። ንጉሡ ለብረት ሥራ የነበራቸው ፍቅር እውነተኛ ነበርና ይህን መጻፍ ያሳዝነኛል።

በእኛ ዘመንም የጋፋት ነገር መልኩን ቀይሮ መጥቷል። እ.ኤ.አ. በ2010 የተቋቋመው የብረታ ብረትና ኢንጂነሪንግ ኮርፖሬሽን ነባር ፋብሪካዎችን ሰብስቦ በአንድ ጣሪያ ሥር አዋለ። ስለ አስተዳደሩ ብዙ ተብሏል፤ ከዚህ ጽሑፍ ጋር የሚገናኘው ግን አንድ ነጥብ ነው፤ በፋብሪካዎቹ አጥር ማዶ ያለው ሕዝብ በእቅዱ ውስጥ ተጠቃሚ ሆኖ አልተቆጠረም። ኮርፖሬሽኑ ችግር ሲገጥመው የሚከላከልለት ባለቤት ያጣውም ለዚህ ይመስለኛል።

ከአንድ አውራጃ ተነስቶ ለመላው ኢትዮጵያ ሕግ ማውጣት እንደማይገባ አምናለሁ፤ ስለ ደጋው የተናገርኩት ስለ ኦሞ ሸለቆ ላይሠራ ይችላል። ስለ ዋግ ግን በድፍረት እናገራለሁ። ዋግ በተደጋጋሚ ድርቅ የተጎዳ፣ እ.ኤ.አ. በ2015 የሕፃናትን መቀንጨር ለማስቆም የወጣው የመንግሥት ቃል በዋና ከተማው ስም የሰቆጣ ቃል ኪዳን ተብሎ የተጠራበት አገር ነው። ከ2013 ዓ.ም. ጀምሮ በሰሜኑ ጦርነት ከአበርገሌና ከጻግብጂ የተፈናቀለው ሕዝብ ሰቆጣ ላይ በስደት ኖሯል። ለዚህ ሕዝብ ስለ ብረት ጥቅም ግንዛቤ ማስጨበጥ ትርፍ ድካም ነው። ማረሻ ሲያልቅበት፣ ማጭድ ሲደንዝበት፣ ዶማ ሲጎብጥበት የብረትን ጥቅም ከማናችንም በላይ ያውቃል።

ስለዚህ የድጋፍን መለኪያ መለወጥ ይገባል። ለመሠረት ድንጋይ የተሰበሰበ ሰው ብዛት ድጋፍ አይባልም። የመጀመሪያው መለኪያ መሬቱ ነው፦ በአዋጅ ቁጥር 1161/2011 መሠረት ይዞታውን የሚለቅ ገበሬ ካሳውን ቁፋሮው ከመጀመሩ በፊት በእጁ አግኝቷል ወይ? የግጦሽ መሬቱስ ተቆጥሮለታል? የአበርገሌ ኑሮ ፍየል ነውና በደብተር ላይ ጠፍ ተብሎ የተጻፈው ዳገት ለባለ ፍየሉ ጠፍ አይደለም። ሁለተኛው የአንጥረኛው ይዞታ ነው፤ በኒሯቅም ሆነ በሰቆጣ ከተማ የመሥሪያ ቦታ በስሙ ይረጋገጥለት፣ ከተከዜ የሚወጣው መብራት ወደ ወናፉ ይድረስ። በእጅ የሚነፋውን ወናፍ ትንሽ የኤሌክትሪክ ነፋሻ ቢተካው ከሰሉ ይቆጠባል፤ ደኑ ለተራቆተበት አገር ይህ ትንሽ ነገር አይደለም።

ሦስተኛው ብረቱ ራሱ ነው። ከማዕድኑ በፊት ውዳቂ ብረት የሚያቀልጥ አነስተኛ ምድጃ ቢቆም፣ ከሚያወጣው ላይ የካርቦኑ ልክ የታወቀ ዘንግ ለአካባቢው አንጥረኛ በተመጣጣኝ ዋጋ እንዲቀርብ በውሉ ይጻፍ። ዛሬ አንጥረኛው ባሌስትራ ሲያጣ በፌሮ ማረሻ ይሠራል፤ የፌሮ ካርቦን ዝቅተኛ ስለሆነ ያ ማረሻ ክረምቱን አይዘልቅም፤ ገበሬውም ጥፋቱን በአንጥረኛው ላይ ይጥላል። በኮምቦልቻ ያለው የአማራ ብረታ ብረት ኢንዱስትሪና ማሽን ቴክኖሎጂ ልማት ድርጅት የእርሻ መሣሪያ የሚሠራ ነውና ስለ ማጠንከርና ስለ መመለስ የሚያውቀውን ለዋግ አንጥረኞች የሚያስተምርበት መንገድ ሊፈለግ ይገባል። ከአዋሽ በኮምቦልቻ ወደ ሃራ ገበያ የተጀመረው ሐዲድ ተጠናቆ ሥራ ቢጀምር ደግሞ ውዳቂው ብረት በርካሽ ሊመጣ ይችላል፤ ሐዲዱ ድንጋይ ብቻ ጭኖ የሚወርድ ከሆነ ግን የገብረ ሕይወት ሥጋት በዋግ ይደገማል።

ይህ ሁሉ ለትልቅ ፋብሪካ እንቅፋት ነው የሚሉ አሉ፤ ባለሀብቱ በአንጥረኛ ጉዳይ አይታሰርም ይላሉ። ለዚህ መልሱ አጭር ነው። ከምርቱ ጥቂት ዘንግ ለአንጥረኛ መተው የማይችል ምድጃ በዋግ ተራራ ላይ የሚቆምበት ምክንያት የለም፤ ድንጋዩን ቢወስድ ይበቃዋል።