ማስመስከርና የምስክር ወረቀት፤ ከዲማ ጉባኤ ቤት እስከ ፈቃደኛ የስፖርት አሠልጣኝ

መግቢያ

በጐጃም ምሥራቃዊ ክፍል፤ ቀድሞ የቢቸናና የሞጣ አውራጃዎች ይባሉ በነበሩት አገሮች፤ አንድ የቤተ ክህነት ተማሪ «አስመስክሯል» ከተባለ ሌላ ማብራሪያ አያስፈልገውም። ቃሉ ሰውየው ተምሯል ማለት ብቻ አይደለም። ትምህርቱን የሚያውቅ መምህር ዐይቶና ሰምቶ መስክሮለታል ማለት ነው።

በዚህ አጭር ጽሑፍ ይህን የቈየ ሐሳብ ከአንድ አዲስ ጥያቄ ጋራ አያይዘን ለመመርመር እንሞክራለን። ጥያቄውም የሚከተለው ነው፤ የአእምሮ ዕድገት ውሱንነት ያለባቸውን ልጆች ሩጫና ኳስ ለማሠልጠን ያለ ደመወዝ የሚቀርብ ሰው፤ ለሥራው መብቃቱን ማን ይመስክርለት? ምስክርነቱስ በምን ላይ ይቁም?

ነገሩ የወረቀት ጉዳይ ብቻ አይደለም። በፈቃደኛው እጅ የሚገባው ልጅ በደል ቢደርስበት እንኳ ለመናገር የሚቸገር ሊሆን ይችላል። በሌላ በኩል ደግሞ የሚጠየቀው ነገር ከመጠን በላይ ከከበደ፤ በቤት ውስጥ ተደብቆ የሚኖረውን ልጅ ወደ ሜዳ የሚያወጣው ሰው አይገኝም። ስለዚህ መለኪያው ሲላላም ሲጠብቅም የሚጐዳው ያው ልጅ ነው።

ማስመስከር በጉባኤ ቤት

በቢቸና አካባቢ የሚገኘው ዲማ ጊዮርጊስ ከጐንጅና ከዋሸራ ጋራ ስሙ የሚነሣ የቅኔ አገር ነው። ሐዲስ ዓለማየሁም በ1958 ዓ.ም. ባሳተሙት «ፍቅር እስከ መቃብር» በተባለው መጽሐፋቸው ዲማን ጐጃምን ላላየ አንባቢ ሁሉ አስተዋውቀውታል።

የቅኔ ተማሪ ሁለት ቤት ካለው ጉባኤ ቃና ይጀምራል፤ ሦስት ቤት ባለው ዘአምላኪየ፥ አምስት ቤት ባለው ዋዜማና ስድስት ቤት ባለው ሥላሴ አልፎ፤ ስምንት ቤት ወዳለው መወድስ ይደርሳል። የቈጠረውን ቅኔ ለመምህሩ ወይም ለአስነጋሪው ይነግራል፤ የተሳሳተውም እዚያው ይታረምለታል። አስነጋሪው ራሱ ገና ተማሪ መሆኑን ማስተዋል ይገባል። በመምህሩ ዐይን ሥር ሆኖ ታናናሾቹን ያርማል፤ ማስተማርንም የሚማረው በማስተማር ነው። በመጨረሻ መምህሩ መብቃቱን ሲያምን መርቆ ያሰናብተዋል፤ እርሱም በደረሰበት አገር ወንበር ዘርግቶ ያስተምራል። በሌሎቹም ትምህርቶች ሥርዓቱ ተመሳሳይ ነው። ድጓን ለማስመስከር ወደ ቤተ ልሔም፥ ዝማሬ መዋሥዕትን ለማስመስከር ወደ ዙር አባ፥ ቅዳሴን ለማስመስከር ወደ ሰለልኩላ ወይም ወደ ደብረ ዓባይ ይኬድ እንደ ነበረ የታወቀ ነው።

ከዚህ ሥርዓት ሦስት ነገሮችን እናገኛለን። አንደኛ፤ የሚመሰክረው ሰው ሥራውን በዐይኑ ያየ ነው። ሁለተኛ፤ ለብቻ ከማስተማር በፊት በሌላው ጥበቃ ሥር ማስተማር አለ። ሦስተኛ፤ ተማሪው ሲሳሳት የመምህሩ ስም አብሮ ይነሣልና፤ መስካሪው ለምስክርነቱ ኀላፊ ነው። መምህሩም ከተማሪው ደመወዝ የማይቀበል መሆኑ፤ ነገሩን ወደ ዛሬው ፈቃደኛ አሠልጣኝ ያቀርበዋል።

ነገር ግን ያለፈውን ስናመሰግን ጐደሎውን መሸፈን አይገባንም። የቅኔ ቤት ዐይኑ ለጠፋ ልጅ በሩን ክፍት አድርጎ ቈይቷል፤ ማየት የተሳናቸው ብዙ ሊቃውንትም ወጥተውበታል። አእምሮው ለሚዘገይ ልጅ ግን የተሠራ አልነበረም። የሚከበርበት ፈጣን አእምሮ ነው። ስለዚህ ከዲማ የምንወስደው የምስክርነቱን ሥርዓት እንጂ የተማሪውን መምረጫ አይደለም።

የስፖርቱ አመጣጥ

የአእምሮ ዕድገት ውሱንነት ላለባቸው ሰዎች የተለየ ስፖርት ማዘጋጀት በዓለም የተስፋፋው ከ60 ዓመታት ወዲህ ነው። እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ1962 ዩኒስ ኬኔዲ ሽራይቨር የተባሉት አሜሪካዊት፤ በሜሪላንድ በሚገኘው መኖሪያ ቤታቸው ግቢ ለእንደነዚህ ያሉ ልጆች የክረምት መጫወቻ ከፈቱ። እኅታቸው ሮዝሜሪ የዚሁ ችግር ተካፋይ ነበረች። ልጆቹንም የሚያጫውቱት ወጣት ፈቃደኞች ነበሩ።

ከዚህ ጅምር የተነሣው ስፔሻል ኦሊምፒክስ የመጀመሪያውን ውድድር ሐምሌ 13 ቀን 1960 ዓ.ም. በቺካጎ ከተማ አደረገ፤ ከአሜሪካና ከካናዳ የመጡ 1,000 ያህል ስፖርተኞች ተካፈሉበት። ይህም ማሞ ወልዴ በሜክሲኮ የማራቶንን ድል ከመቀዳጀቱ ሦስት ወር በፊት መሆኑ ነው። እ.ኤ.አ. በ2019 በአቡ ዳቢ በተደረገው የዓለም ውድድር የተካፋዮቹ ቍጥር ከ7,000 በልጧል።

ሥራው ሲሰፋ የፈቃደኞች ቅን ልብ ብቻ እንደማይበቃ ታወቀ። ሕፃኑን በትዕግሥት የሚወድ ሰው ሩጫን ማሠልጠን ላያውቅ ይችላል። ሩጫን የሚያውቀውም ትእዛዝን ከፋፍሎ፥ አሳይቶና ደጋግሞ ማስረዳትን ላያውቅ ይችላል። የአሠልጣኝ የምስክር ወረቀት የመጣው ከዚህ ችግር ነው።

ከፈቃደኛው የሚጠየቀው

በአሜሪካ በብዙ ቦታ ለረጅም ጊዜ የተሠራበት ሥርዓት አራት ዐበይት ክፍሎች አሉት። መጀመሪያ ፈቃደኛው ስለ ድርጅቱ ዓላማና ስለ ስፖርተኞቹ ጠባይ አጠቃላይ ትምህርት ይቀበላል። ሁለተኛ፤ ያለፈ ታሪኩ ይመረመራል፤ ልጆችን ከጥቃት ስለ መጠበቅም ይማራል። ሦስተኛ፤ የሚያሠለጥነውን የስፖርት ዐይነት ሕግና ዘዴ ይማራል። አራተኛ፤ ቢያንስ 10 ሰዓት ከስፖርተኞቹ ጋራ በሜዳ ላይ ይሠራል። ወረቀቱም ለዘላለም የተሰጠ አይደለም፤ በየሦስት ዓመቱ መታደስ የተለመደ ነው።

ከነዚህ ውስጥ ሁለቱን ለይተን እንመልከት። ሁለተኛው ክፍል ሊላላ የማይገባው ነው። «ከሞኝ ደጃፍ ሞፈር ይቈረጣል» የሚለው የአገራችን ተረት፤ ራሱን መከላከል የማይችል ሰው የሚደርስበትን ያውቃል። ለእኛ ግን ይህ ተረት ማስጠንቀቂያ እንጂ ፍርድ ሊሆን አይገባም። አራተኛው ክፍል፤ ማለትም የ10 ሰዓቱ ሥራ፤ ከአስነጋሪው ልማድ ጋራ አንድ ነው ልንል እንችላለን። ሁለቱም ሰውን የሚመዝኑት በሥራው ላይ ቆሞ ሲታይ ነው።

የሐሰት ምስክርነት ያመጣው ጉዳት

አሠልጣኙ ራሱም መስካሪ ነው። በስፔሻል ኦሊምፒክስ ተወዳዳሪዎች በዕድሜ፥ በጾታና በችሎታ ይመደባሉ፤ በአንድ ምድብ ባሉት መካከል ያለው የችሎታ ልዩነት ከ15 በመቶ እንዳያልፍ መመሪያ ተደርጎ ተሠርቶበታል። ለዚህ ምደባ መነሻ የሚሆነውን ውጤት የሚያቀርበው አሠልጣኙ ነው። አሳንሶ ቢያቀርብ የራሱ ልጅ በቀላሉ ያሸንፋል፤ የሌላው ልጅ ግን ይበደላል።

ሐሰት ምን እንደሚያስከትል ከሌላ የውድድር መድረክ፤ ከፓራሊምፒክ፤ መማር ይቻላል። እ.ኤ.አ. በ2000 በሲድኒ፤ የአእምሮ ዕድገት ውሱንነት ላለባቸው በተዘጋጀው የቅርጫት ኳስ ውድድር የስፔን ቡድን ወርቅ አገኘ። ጥቂት ቈይቶ ከ12ቱ ተጫዋቾች 10ሩ ችግሩ የሌለባቸው መሆናቸው ተገለጠ፤ ሜዳሊያውም ተመለሰ። ከዚህ የተነሣ የዚህ ክፍል ስፖርተኞች በሙሉ ከፓራሊምፒክ የሜዳሊያ ውድድር ታገዱ፤ የአቴናና የቤይዢንግ ውድድሮች አለፏቸው፤ የተመለሱትም በ2012 በለንደን ነው። በጥቂት ሰዎች የሐሰት ወረቀት ምክንያት፤ ምንም ያላጠፉ የብዙ አገር ስፖርተኞች ከአሥር ዓመት በላይ በውጭ ቆሙ።

ስለ አገራችን

በአገራችን ለነዚህ ልጆች መንገድ ከከፈቱት ሰዎች መካከል ወላጆች ይገኛሉ። ወይዘሮ ዘሚ የኑስ የኦቲዝም ችግር ላለበት ልጃቸው ትምህርት ቤት ቢያጡ፤ እ.ኤ.አ. በ2002 የጆይ ማእከልን በአዲስ አበባ አቋቋሙ። ኢትዮጵያም እ.ኤ.አ. በ2010 የአካል ጉዳተኞችን መብት ዓለም አቀፍ ስምምነት አጽድቃለች፤ የዚህ ስምምነት 30ኛ አንቀጽ በስፖርት የመካፈልን መብት ያውቃል። መብቱ ግን ከዋና ከተማ ርቆ ቢቸናና ሞጣ የሚደርሰው በሰው እጅ ነው።

ስለዚህ የሚከተለውን አሳብ እናቀርባለን። ትምህርቱ በአማርኛ ይሰጥ፤ ከፈቃደኛውም ገንዘብ አይጠየቅ። የስፖርት መምህራንና የልጆቹ ወላጆች በቅድሚያ ይጠሩ። አንድ የተመሰከረለት አሠልጣኝ ወደ ስፍራው መጥቶ፤ እንደ ጉባኤው መምህር አጠገባቸው ቆሞ 10ሩን ሰዓት ይይ፤ ያየውንም በስሙ ይፈርም። የፈቃደኛው ጠባይ ከሚኖርበት ቀበሌ ይጠየቅ፤ ማንም ሰው ከልጅ ጋራ ብቻውን እንዳይሆን ሥርዓት ይደረግ። የጽሑፍ ፈተናው ቢቀል ጉዳት የለውም፤ የጥበቃው ሥርዓት ግን ለማንም ተብሎ አይቀነስ።

ማጠቃለያ

ከዚህ በላይ እንደ ተመለከትነው፤ የምስክር ወረቀት ከውጭ አገር የመጣ ቢመስልም በውስጡ ያለው ሐሳብ ለጐጃም እንግዳ አይደለም። ወረቀቱ ዋጋ የሚኖረው የፈረመው ሰው ዐይቶ የመሰከረ እንደ ሆነ ነው፤ ሳያይ ከፈረመ ግን ልጁን አሳልፎ ሰጥቶታል። በዲማ ለቅኔ ሲደረግ የኖረው ጥንቃቄ፤ በቢቸና ሜዳ ለሚሮጠው ዘገምተኛ ልጅ ሊነፈገው አይገባም እንላለን።