በምርጫ የሚቀናው ለዘብተኛው ነው ወይስ አክራሪው?

ሕዝብ መሪውንና እንደራሴውን በድምፁ በሚመርጥበት አገር ሁሉ የፖለቲካ ማኅበሮችን የሚያከራክር አንድ ጥያቄ አለ። ይኸውም ለውድድር የሚቀርበው ዕጩ ወደ መካከል የተጠጋ ለዘብተኛ ቢሆን ይሻላል ወይስ የማኅበሩን እምነት ሳያለዝብ እስከ ጫፍ ይዞ የሚከራከር ቢሆን ይሻላል የሚል ነው። ይህን ሁለተኛውን በዚህ ጽሑፍ አክራሪ እለዋለሁ፤ ቃሉን የምጠቀምበት ለመለያ እንጂ ለስድብ አይደለም። ለምርመራው የአሜሪካን ታሪክ መርጫለሁ፤ በዚያ አገር ሪፑብሊካንና ዲሞክራት የተባሉት ሁለት ማኅበሮች ለረጅም ዘመን ሲወዳደሩ ስለ ኖሩ የምርጫው ውጤት በየጊዜው ተመዝግቦ ይገኛል። ዓመታቱ ሁሉ በአውሮፓ አቈጣጠር የተጻፉ ናቸው።

አስቀድመን የሊቃውንቱን አሳብ እንመልከት። አንቶኒ ዳውንስ የተባለው አሜሪካዊ የኤኮኖሚ ሊቅ በ1957 ባሳተመው መጽሐፍ መራጮችን በአንድ መሥመር ላይ እንደ ተሰለፉ አድርጎ ገልጧቸዋል። ከግራ ጫፍ እስከ ቀኝ ጫፍ እያንዳንዱ እንደ አሳቡ ቦታ አለው፤ ድምፁንም የሚሰጠው ለእርሱ ቦታ ይበልጥ ለሚቀርበው ዕጩ ነው። አብዛኛው ሕዝብ መካከል ላይ የሰፈረ ከሆነ፥ ወደ መካከል የተጠጋው ዕጩ ብዙውን ድምፅ ይወስዳል፤ በጫፍ ያሉት ወገኖቹም ሌላ የሚሄዱበት ስለሌላቸው ይከተሉታል። ሆኖም እነዚህ ሰዎች ተቀይመው ከቤታቸው ሊቀሩ እንደሚችሉ ዳውንስ ራሱ አልዘነጋውም። የአክራሪው ደጋፊዎች የሚመረኰዙት በዚህ ላይ ነው። መሐል ሰፋሪ ማንንም አያስነሣም፤ ቍርጥ ያለ አሳብ ያለው ግን የተኛውን መራጭ ቀስቅሶ ወደ ምርጫው ሣጥን ያመጣዋል ይላሉ።

ይህ ክርክር በ1964 በግልጥ ተፈተነ። በዚያ ዓመት የሪፑብሊካን ማኅበር ለዘብተኛውን ኔልሰን ሮክፌለርን ትቶ፥ ከአሪዞና የመጣውን የሕግ መወሰኛ ምክር ቤት አባል ባሪ ጎልድዋተርን ዕጩ አደረገ። ጎልድዋተር በዚያው ዓመት የወጣውን የሲቪል መብት ሕግ በድምፁ የተቃወመ፥ ዕጩነቱንም ሲቀበል ለነጻነት ሲባል አክራሪ መሆን ነውር እንዳይደለ በአደባባይ የተናገረ ሰው ነበር። ፕሬዚደንት ሊንደን ጆንሰን ከ100 መራጭ የ61ን ድምፅ አገኘ፤ ጎልድዋተር ግን ከ50ዎቹ ግዛቶች ያሸነፈው በ6ቱ ብቻ ነው፤ እነርሱም የገዛ አገሩ አሪዞናና 5 የደቡብ ግዛቶች ናቸው። በ1972 ደግሞ ተራው የዲሞክራቶች ሆነ። የቪየትናም ጦርነት በቶሎ እንዲቆም አጥብቆ ይከራከር የነበረው ጆርጅ ማክገቨርን ከማሳቹሴትስና ከዋና ከተማው ከዋሽንግተን በቀር በሁሉም ተሸነፈ። ተኝቷል የተባለው መራጭ በሁለቱም ጊዜ ተነሥቶ ዕጩውን አላዳነም።

በዚህ ላይ ግን ቀላል ያልሆነ ተቃውሞ ይቀርባል። በ1976 ሪፑብሊካኖች ለዘብተኛውን ጄራልድ ፎርድን አቅርበው በጂሚ ካርተር ተሸነፉ። በ1980 የጎልድዋተር ወዳጅ የነበረውን ሮናልድ ሬገንን አቀረቡ፤ እርሱም በ44 ግዛቶች አሸነፈ። እንግዲህ አክራሪው ከለዘብተኛው በለጠ ማለት አይደለምን?

በበኩሌ እንዲህ ብሎ ለመደምደም ምክንያቱ የሚበቃ አይመስለኝም። በ1980 የዕቃ ዋጋ በአንድ ዓመት ውስጥ ከ100 ከ13 በላይ ጨምሮ ነበር፤ 52 አሜሪካውያንም በቴህራን ታግተው ነበር። ሬገን ለዘብተኛ የነበረውን ተወዳዳሪውን ጆርጅ ቡሽን ምክትሉ አድርጎ መረጠ፤ በክርክሩም መድረክ ላይ ከአራት ዓመት በፊት ከነበራችሁበት ዛሬ ይሻላችኋል ወይ ብሎ ሕዝቡን ጠየቀ። ይህ ጥያቄ የአክራሪ ወይም የለዘብተኛ ጥያቄ ሳይሆን የኑሮና የገበያ ጥያቄ ነው። ሬገን ያሸነፈው እምነቱን ባይለውጥም አቀራረቡን አለዝቦ፥ ሕዝቡም በመንግሥቱ ባዘነበት ጊዜ ነው።

የፕሬዚደንት ምርጫ በአራት ዓመት አንድ ጊዜ ብቻ ስለሚደረግ ማስረጃው ጥቂት ነው። ብዙ ማስረጃ የሚገኘው በሕግ መምሪያው ምክር ቤት ምርጫ ነው። አንድሩ ሆል የተባለ ተመራማሪ በ2015 ባወጣው ጥናት፥ በማኅበሩ የውስጥ ምርጫ ለዘብተኛውና አክራሪው እኩል ሊሆኑ ጥቂት ድምፅ ብቻ የቀራቸውን ቦታዎች መረመረ። በእንደዚህ ያለ ቦታ የሚያልፈው ሰው ዕጣ የወጣለትን ያህል ስለሆነ ማነጻጸሩ የታመነ ይሆናል። አክራሪው ባለፈበት ስፍራ ማኅበሩ በዋናው ምርጫ የሚያገኘው ድምፅ ከ100 ከ9 እስከ 13 ያህል ቀንሶ ተገኘ። ሆል ከዳንኤል ቶምፕሰን ጋር በ2018 ባሳተመው ጥናት ደግሞ፥ አክራሪው ዕጩ ከራሱ ወገን ይልቅ የተቃዋሚውን ወገን ከቤቱ እንደሚያስወጣ ታይቷል። እንግዲህ ቀስቃሽነቱ እውነት ነው፤ የሚቀሰቅሰው ግን ጠላቱን ነው።

ይህ ደንብ ወሰን አለው። አንድ ማኅበር ብቻ በገነነበት የምርጫ ክልል መካከሉ ራሱ ወደ ጫፍ የተጠጋ ስለሆነ አክራሪው ያለ ብዙ ጭንቀት ያልፋል። አቈጣጠሩም ውጤቱን ይለውጠዋል፤ በ2016 ዶናልድ ትራምፕ በአገሩ ሁሉ በተሰጠው ድምፅ ከሂላሪ ክሊንተን አንሶ ሳለ፥ ድምፁ በየግዛቱ ስለሚቈጠር ፕሬዚደንት ሆኗል።

የነገሩ ክብደት የሚታወቀው ግን ከሽንፈት በኋላ የሆነውን ስንመለከት ነው። የጎልድዋተር ወዳጆች የ1964ቱ ሽንፈት ዘር ሆኖ በ1980 ፍሬ አፈራ ይላሉ፤ ሬገን በሕዝብ ዘንድ እንደ ፖለቲካ ሰው የታወቀው በ1964 ለጎልድዋተር በቴሌቪዥን ባደረገው ንግግር ስለሆነ አባባላቸው ከንቱ አይደለም። ይሁን እንጂ በመካከሉ 16 ዓመት አለፈ። በ1964 ዲሞክራቶች በሕግ መምሪያው ምክር ቤት 295 ወንበር ሲይዙ ለሪፑብሊካኖች የቀራቸው 140 ብቻ ነበር። በሚከተለው ዓመት ይህ ምክር ቤት ለብዙ ዘመን ሲንከባለል የቈየውን የሽማግሌዎች ሕክምና መድን ሕግ አጸደቀ፤ ጎልድዋተር አጥብቆ የተቃወመው ሕግ ነው። በዚህም የጎልድዋተር ዕጩነት ሊከለክለው የተነሣውን ነገር አፋጠነው። ሕጉም ከጎልድዋተርና ከሬገን ዘመን አልፎ እስከ ዛሬ ጸንቶ ይኖራል።

ከዚህ ሁሉ የምንረዳው ለዘብተኛው በምርጫው ቀን ይበልጥ የሚቀናው መሆኑን ነው። አክራሪው መካከል የሚባለውን ቦታ በብዙ ዓመት ትግል ሊያንቀሳቅሰው ይችላል፤ ይህም ሥራ በጽሑፍና በንግግር የሚሠራ ነው። የማኅበሩን ዕጩነት የተቀበለ ሰው ግን የሚያስይዘው የራሱን ስም ብቻ አይደለም፤ እርሱ ሲሸነፍ ሕጉን የሚያወጣው ተቃዋሚው ነው፤ በዚያ ሕግ የሚተዳደሩትም የመረጡት ሰዎች ናቸው።