የኮሶዬ ደገኞች ኑሮና የኮሶ ልማድ

ከጎንደር ከተማ ተነሥቶ ወደ ደባርቅ የሚያመራ መንገደኛ ሠላሳ ኪሎ ሜትር ያህል ከተጓዘ በኋላ ኮሶዬ ይደርሳል። በዚህ ስፍራ የወገራ ደጋ በድንገት ተቆርጦ ገደል ይሆናል፤ ከአፋፉ ቆሞ ለሚመለከት ቆላው ዓይን እስከሚደርስበት ድረስ ተዘርግቶ፥ ከማዶውም የሰሜን ተራሮች ተደርድረው ይታያሉ። ቦታው ለጎብኚ የዓለም ጫፍ ይመስላል። ነገር ግን የጥንቱ የነጋዴ መንገድ ከምጽዋ ተነሥቶ በዐድዋና በሊማሊሞ አድርጎ ወደ ጎንደር ሲመጣ ይህንኑ የወገራን ደጋ ያቋርጥ ነበርና ኮሶዬና አካባቢዋ ከሰው የተለዩ አልነበሩም። የቦታዋ ስም የኮሶን ዛፍ ስም እንደ ያዘ ለማንም ግልጽ ነው። ደገኛው ከዚህ ዛፍ ጋራ የነበረው ግንኙነት ግን ከስሙ ይልቅ ብዙ ነገር ይናገራል።

የደገኛው ኑሮ የብርድ ኑሮ ነው። በዚህ ከፍታ ጤፍ እንደ ወይና ደጋው አይሆንምና ምግቡ በአብዛኛው ከገብስ የሚገኝ ነው፤ እንጀራውም፥ ቆሎውም፥ በሶውም፥ ጠላውም ከዚያው ነው። ባቄላ ይጨመርበታል፤ በ19ኛው መቶ ዓመት ወደ አገራችን የገባው ድንችም ዛሬ ከነባሩ እህል ተቆጥሯል። ቤቱ ክብ፥ ጣሪያው ሣር ሆኖ ምድጃው ከመካከል ይቀመጣል፤ ሌሊት ሰውም ጥጃም ግልገልም ከአንድ ሙቀት ይካፈላሉ። እርሻው በወንፈል፥ አጨዳውና ውቂያው በደቦ ይሠራል። በየወሩ ማኅበር፥ በየሰንበቱ ሰንበቴ አለ፤ ለቅሶ ሲሆን መንደሩ በሙሉ ይወጣል፤ የታመመ ሰው እንደ ሆነም ጠያቂ ከደጃፉ አይጠፋም። በእንዲህ ያለው ኑሮ ውስጥ አንድ ሰው ከሌላው ተለይቶ ብቻውን የሚሆንበት ቀን የለም ለማለት ያስደፍራል። ይህን ነገር ልብ ማለት ያሻል፤ ወደ ኋላ ይጠቅማልና።

ረዥሙ ጾም ተጠናቆ ፋሲካ በደረሰ ጊዜ ጎረቤት ተሰባስቦ በሬ በቅርጫ ያርዳል፤ ከሥጋውም ከፊሉ በጥሬው ይበላል። ኮሶ የሚባለው ጥገኛ ትል ወደ ሰው ሆድ የሚገባው በዚሁ በጥሬ የበሬ ሥጋ አማካይነት መሆኑን የዛሬ ሕክምና አረጋግጧል። በአማርኛ ሕመሙም፥ መድኃኒቱም፥ ዛፉም በአንድ ስም መጠራታቸው የሦስቱ ዝምድና በሕዝቡ ዘንድ ምን ያህል የጸና እንደ ነበረ ያመለክታል። ለቋንቋ ተመራማሪ ይህ ብቻውን በቂ ርእስ ይሆነው ነበር።

የኮሶ ዛፍ ከጽጌረዳ ወገን ሲሆን በኢትዮጵያና በምሥራቅ አፍሪካ ከፍተኛ ተራሮች ይበቅላል። ወንዴውና ሴቴው በየዛፉ የተለዩ ናቸው። ለመድኃኒት የሚፈለገው ቀላ ያለውና ጠቅ ብሎ የሚንጠለጠለው የሴቴዋ አበባ ነው። አበባው ተለቅሞ ይደርቃል፥ ይፈጫል፤ ከዚያም በውኃ ወይም በጠላ ተዘፍዝፎ ያድርና በማለዳ በባዶ ሆድ ይጠጣል። ምሬቱ ለምሳሌ የሚነገር ነው፤ ፊቱን ያጨማደደ ሰው ሲታይ ኮሶ የጠጣ ይመስላል መባሉ ከዚህ የመጣ ነው። ጠጪው ያቅለሸልሸዋል፥ ይደክመዋል፤ ቀኑ ሲያጋድል ትሉ ከወጣለት በኋላ ለሆድ የማይከብድ ምግብ ቀምሶ ይተኛል። በቀድሞ ጊዜ ይህ ነገር በሁለት ወር አንድ ጊዜ ያህል ይደገም ነበር።

ስኮትላንዳዊው መንገደኛ ጄምስ ብሩስ እ.ኤ.አ. በ1770 ዓ.ም. ከሊማሊሞ ወገራን አቋርጦ ጎንደር ገባ፤ በ1790 ዓ.ም. ባሳተመው መጽሐፉም ስለዚህ ዛፍ በሰፊው ጻፈ። ዛፉ ለሕዝቡ አገልግሎት ሲባል በየቤተ ክርስቲያኑ አጠገብ በጽዶች መካከል እንደሚተከል፥ ኮሶ የጠጣ ሰውም ከጧት እስከ ማታ ቤቱን ዘግቶ ለወዳጆቹ እንኳ እንደማይታይ መዝግቧል። የመጀመሪያው ነገር ዛሬም በደጋው ደብሮች ይታያል። ሁለተኛው ግን ከተራ የመንገደኛ ወሬ የበለጠ ምርመራ ይገባዋል።

ባላገሩ ለዚህ መሰወር የሚሰጠው ምክንያት መድኃኒት በወሰደ ሰው ላይ የእንግዳ ጥላ ማረፍ የለበትም የሚል ነው። ነውርም አለበት፤ ሰው በዚያ ቀን የሚደርስበትን ሁሉ ሌላ ዓይን እንዲያየው አይፈልግም። ነገር ግን ልማዱ ካስገኘው ጥቅም ሲታይ ሌላም ፍሬ ነበረው። ከደጅ ለመጣው እንግዳ ጌታው ኮሶ ጠጥቷል ከተባለ ነገሩ በዚያው ያበቃል፤ የመጣው ሰው ሳይቀየም ይመለሳል። ሎሌና ገረድ እንኳ የኮሶ ቀን ነበራቸውና በዚያ ቀን ሥራ አይታዘዙም። ደቦም፥ ማኅበርም፥ ለቅሶም ሰውን ከሰው በሚያገናኙበት ኑሮ ውስጥ ይህ ቀን ማንም ሳያማ ሰውን ለብቻው የሚተው ብቸኛው ሕግ ነበር ማለት ይቻላል። 

ይሁን እንጂ ልማዱ ጠጪውን የሸሸገውን ያህል ሻጯን አጋልጧታል። አበባው የሚገኘው በደጋ ሲሆን ፈላጊው በከተማም በቆላም ነበርና ኮሶ የገበያ ዕቃ ሆነ። ሁሉም የሚገዛው ነገር ቢሆንም መሸጡ ግን ክብር አልነበረውም፤ የችግረኛ ሴት መተዳደሪያ ተደርጎ ይቆጠር ነበር። ለዚህ ከዳግማዊ ዐፄ ቴዎድሮስ ታሪክ የበለጠ ማስረጃ አይገኝም። አባታቸው ደጃዝማች ኃይሉ ከሞቱ በኋላ እናታቸው ወይዘሮ አትጠገብ በጎንደር ኮሶ እየሸጡ ልጃቸውን እንዳሳደጉ ይተረካል፤ ጠላቶቻቸውም ካሣን የኮሶ ሻጭ ልጅ እያሉ ይሰድቡ ነበር። የእቴጌ መነን የጦር አለቃ ደጃዝማች ወንድይራድ ይህንኑ ስድብ እየደገመ ካሣን ይዤ አመጣለሁ ብሎ ፎክሮ ዘመተ፤ ነገር ግን ድል ሆኖ እርሱ ራሱ ተያዘ። ካሣም በምግብ ፈንታ ኮሶ እንዲቀርብለት አዘዙ፥ አጠጡትም ይባላል። ከጥቂት ዓመታት በኋላ በ1847 ዓ.ም. ካሣ በሰሜን ደረስጌ ማርያም ዐፄ ቴዎድሮስ ተብለው ነገሡ።

እናታቸው በእርግጥ ኮሶ መሸጣቸውንና ወሬው የጠላት ፈጠራ መሆኑን አንሥቶ መከራከር ይቻላል፤ የወይዘሮይቱን ጨዋ ትውልድ የሚጠቅሱም አሉ። ለዚህ ጽሑፍ ግን ክርክሩ ሁለተኛ ነገር ነው። ስድብ የሚያቆስለው ሰሚው ሁሉ ሲገባው ነው። ተሳዳቢውም፥ ተሰዳቢውም፥ አዳማጩም ወታደር በየጊዜው ኮሶ ይጠጡ የነበሩ ሰዎች ናቸው። ሰው ተሰውሮ የሚያደርገውን ነገር በአደባባይ የምታስታውሰው ሻጯ ብቻ ነበረችና ነውሩ በእርሷ ላይ ዐረፈ። የካሣም ቅጣት ከጭካኔው ይልቅ ብልሃቱ ይበልጣል፤ ወንድይራድ የተቀጣው በተሰወረ ቤት የሚጠጣውን መድኃኒት በሰው ፊት በመጠጣቱ ነው።

የሚገርመው ይህ ስድብ በጎንደር ሲነገር በነበረበት ዘመን ያው አበባ በአውሮጳ መድኃኒት ቤቶች በውድ ዋጋ ይሸጥ የነበረ መሆኑ ነው። ብራየር የሚባል ፈረንሳዊ ሐኪም በቁስጥንጥንያ ሳለ የመድኃኒቱን ኃይል ተረድቶ ዜናውን ወደ አገሩ አደረሰ፤ እ.ኤ.አ. በ1820ዎቹም ዛፉ በስሙ ብራየራ ተብሎ ተሰየመ። ብሩስ አስቀድሞ በወዳጁ በጆሴፍ ባንክስ ስም ሰይሞት ነበር፤ በመጨረሻ ጸንቶ የቀረው ግን ሀጌንያ አቢሲኒካ የሚለው ነው። እነሆ ዛፉ ለሦስት አውሮጳውያን መታሰቢያ ሲፈለግ የጎንደሯ ሻጭ ስም ስድብ ሆኖ ቀረ።

በዚሁ በወገራና በጎንደር ዙሪያ ይኖሩ የነበሩት ቤተ እስራኤል በሕጋቸው ምክንያት ጥሬ ሥጋ አይበሉም ነበር። ከእነርሱ አብዛኞቹ እ.ኤ.አ. በ1984 እና በ1991 ዓ.ም. በተደረጉት ታላላቅ ጉዞዎችና በዚያው አካባቢ ባሉት ዓመታት ወደ እስራኤል ሄደዋል። አንጥረኝነታቸውና ሸክላ ሠሪነታቸው ብዙ ተጽፎበታል፤ የሥጋ ሥርዐታቸው ከጎረቤቶቻቸው የኮሶ ልማድ ጋራ ተነጻጽሮ ቢጠና ግን ብዙ ትምህርት ይገኝበታል።

የኮሶ ቀን መድከም የጀመረው በ20ኛው መቶ ዓመት ነው። በጣሊያን ወረራ ዘመን የመኪና መንገድ በወገራ አለፈ፤ እ.ኤ.አ. በ1954 ዓ.ም. የጎንደር የጤና ጥበቃ ኮሌጅ ተከፈተ፤ ከዚያም ኒክሎሳማይድ፥ ቆይቶም ፕራዚኳንቴል የተባሉት ክኒኖች መጡ። ኮሶ በብዛት ሲወሰድ የዓይንን ብርሃን ሊጎዳ እንደሚችል በሕክምና ጽሑፍ ስለ ተገለጠም በክኒኑ መተካቱ የሚያስቆጭ አይደለም። ሆኖም ክኒን የዋጠ ሰው ውኃ ጠጥቶበት ወዲያው ወደ ሥራው ይሄዳል። መድኃኒቱ ምትክ ሲያገኝ ቀኑ ምትክ አላገኘም።

ዛፉም ከልማዱ ጋራ ተመናምኗል። ቀይ እንጨቱ ለሣንቃና ለቤት ዕቃ ስለሚፈለግ ብዙ ተቆርጧል፤ በምኒልክ ዘመን የገባው ባሕር ዛፍም በፍጥነት ስለሚያድግ በየማሳው ዳር ቦታውን ወርሷል፤ በባላገሩ ምድጃ ደግሞ ከእንጨት ይልቅ ኩበት ይነዳል። በ1986 ዓ.ም. የወጣው የደን ዐዋጅ ኮሶን ከጽድ፥ ከዋንዛና ከዝግባ ጋራ ቆጥሮ ከመንግሥትና ከክልል ደን እንዳይቆረጥ ከልክሎ ነበር። ከዐዋጁ በፊትም ቢሆን የቤተ ክርስቲያን ቅጽር ጠብቆታል። ነገር ግን ሰው ይበልጥ ሲንከባከብ የኖረው አበባዋ የሚፈለገውን ሴቴዋን ነው፤ በአካባቢው ወንዴ ዛፍ ካልተገኘ ደግሞ በቅጽሩ ውስጥ የቀረችው ሴቴ በየዓመቱ ብታብብም ዘር አትይዝም።