የሚበረክት ቦርሳና ሻንጣ፦ ከየካ ዳገት እስከ ጅዳ

የቦርሳ ወሬ በቤታችን የሚነሳው በአብዛኛው በሁለት አጋጣሚ ነው። አንዱ መስከረም ሲጠባ የልጆች የትምህርት ቤት ቦርሳ ሲገዛ፣ ሌላው ደግሞ የሐጅ፣ የዑምራ ወይም የዐረብ አገር ጉዞ ሲቃረብ። በሁለቱም ጊዜ ችኮላ አለ፤ ዋጋውንና መልኩን እናያለን፣ ስፌቱን ግን ገልበጥ አድርገን አናይም። የመስከረሙ ቦርሳ ጥር ሳይገባ ማንገቻው ይበጠሳል፣ ሻንጣውም ዚፑ ፈንድቶ በገመድ ታስሮ ይመለሳል።

በዚህ ጽሑፍ የየካን ክፍለ ከተማ መነሻ አድርገናል። የካ ቦርሳን ይፈትናል። ከመገናኛና ከሾላ ገበያ ተነስቶ ወደ ፈረንሳይ ሰፈር ወይም ወደ ኮተቤ የሚሄድ ሰው ዳገት፣ ኮብልስቶን፣ የታክሲ ግፊያና የክረምት ዝናብ ይጠብቁታል። ከላይ ደግሞ እስከ 3,200 ሜትር ገደማ ከፍ የሚለው እንጦጦ አለ፤ ፓርኩ በ2013 ዓ.ም መጀመሪያ ከተከፈተ ወዲህ ቅዳሜና እሑድ ቦርሳ አዝሎ የሚወጣው ሰው በርክቷል።

ከጨርቁ እንጀምር። በብዙ ቦርሳዎች መለያ ላይ 300፣ 600 ወይም 1000 የሚል ቁጥርና አጠገቡ «ዲ» የሚል ፊደል ይታያል። ዴኒየር ይባላል፤ 9,000 ሜትር ርዝመት ያለው ክር ስንት ግራም እንደሚመዝን ይነግራል። ቁጥሩ ሲጨምር ክሩ ይወፍራል። ለተማሪ 600 ዲ ፖሊስተር ይበቃል። በየቀኑ ላፕቶፕና ዕቃ ለሚሸከም ሰው ግን ወፈር ያለ ናይለን ይሻላል፤ በእኩል ውፍረት ናይለን መፈተግን ከፖሊስተር የበለጠ ይችላል። መለያ ከሌለው ጨርቁን በሁለት ጣት ይዞ ማሸትና ወደ ብርሃን ማየት ነው። ብርሃን በቀላሉ ካሳለፈ ሽመናው ሳሳ ያለ ነው። ውስጡንም ዳስሱት። ውኃ እንዳያስገባ የተቀባው ሽፋን ሱቅ ውስጥ ሆኖ መላጥ ከጀመረ ወይም ከተጣበቀ ቦርሳው መጋዘን ውስጥ አርጅቷል ማለት ነው።

ዚፕ ላይ ቆም እንበል፤ ቦርሳን ከጥቅም ውጭ ከሚያደርጉት ነገሮች ዋናው እርሱ ነው። የዚፑን ራስ ገልብጣችሁ ብታዩት ብዙ ጊዜ 3፣ 5፣ 8 ወይም 10 የሚል ቁጥር ተቀርጾበታል። ቁጥሩ በግምት የጥርሱን ስፋት በሚሊሜትር ያሳያል። ለውጭ ኪስ 5 ይበቃል፤ ዋናውን አፍ የሚዘጋው ግን 8 ወይም 10 ቢሆን ይመረጣል። በ1934 እ.ኤ.አ. ጃፓን ውስጥ የተመሠረተው ዋይኬኬ በዚህ ሥራ ስመ ጥር ነው፤ ነገር ግን ስሙን በፎርጅድ ዕቃ ላይ መቅረጽ ቀላል ስለሆነ ፊደሉን አይቶ ብቻ መግዛት አይበቃም። ሱቅ ውስጥ ሆናችሁ ዚፑን ከጫፍ እስከ ጫፍ አሥር ጊዜ ክፈቱና ዝጉ፣ በተለይ ማዕዘኑ ላይ። እዚያ ላይ የሚይዝ ከሆነ ሲሞላ ይባስ ይይዛል። ባለሱቁ ቢሰለችም ገንዘቡ የናንተ ነው።

ቀጥሎ ስፌቱ። ማንገቻው ከቦርሳው አናት ጋር የሚገናኝበትን ቦታ እዩ። ጥሩ ቦርሳ እዚያ ላይ በአራት ማዕዘን ውስጥ መስቀልኛ የተሰፋ ወይም ብዙ ጊዜ ተደጋግሞ የተሰፋ ጥቅጥቅ ያለ ስፌት አለው። በአንድ መስመር ብቻ ከተሰፋ የሚበጠሰው ከዚያ ነው። ውስጡ ተገልብጦ ሲታይ የጨርቁ ጠርዝ በጥብጣብ ካልተሸፈነ ክሩ እየተመዘዘ ይሄዳል። አንድ እጅ በማንገቻው፣ ሌላውን በቦርሳው ይዛችሁ ጠንከር አድርጋችሁ ሳቡ፤ የመርፌው ቀዳዳዎች ከተከፈቱ አትግዙት።

የልጆች ቦርሳ ለብቻው መታየት አለበት። የሕክምና ባለሙያዎች በአብዛኛው የሚመክሩት ሸክሙ ከልጁ ክብደት ከ10 እስከ 15 በመቶ እንዳይበልጥ ነው። 25 ኪሎ ለሚመዝን ልጅ ይህ ከ2 ኪሎ ተኩል እስከ 4 ኪሎ የማይሞላ ነው። ጠዋት የትምህርት ቤት መጻሕፍት፣ የምሳ ዕቃና የውኃ ኮዳ፣ ማታ የመድረሳ ኪታብ ሲጨመርበት ልኩ ወዲያው ያልፋል። ከእንጦጦ ጫካ እንጨት ተሸክመው ይወርዱ የነበሩት እናቶች ወደፊት ጎንበስ ብለው ይራመዱ የነበረው ሸክሙ ወደኋላ ስለሚጎትታቸው ነው። ልጆቻችን ላይም በአነስተኛ መጠን የሚሆነው ይኸው ነው። ስለዚህ ከባዱ መጽሐፍ ከጀርባው ጋር ተጣብቆ፣ ቀላሉ ወደ ውጭ ይቀመጥ። ማንገቻው ሰፊና ስፖንጅ ያለው ይሁን፣ ቦርሳውም ከወገብ በታች አይንጠልጠል። «ያድግበታል» ተብሎ የሚገዛ ትልቅ ቦርሳ ብዙ ዕቃ ያስገባል እንጂ ልጁን አይጠቅምም። ሙስሐፍ ለሚይዝ ልጅ ደግሞ ከምሳ ዕቃና ከኮዳ የተለየ፣ ውኃ የማይገባበት ከፍ ያለ ኪስ መኖሩን እዩ።

ዝናብ የማያስገባ የሚባል ቦርሳ ብዙ ጊዜ ዝናብን ለጥቂት ደቂቃ የሚችል ነው፤ ውኃው በዚፑና በስፌቱ ቀዳዳ ይገባል። ለሐምሌና ነሐሴ ርካሹ መፍትሔ ዕቃውን በወፍራም ፌስታል ጠቅልሎ ማስገባት ነው። ከላይ ከሚለብስ የዝናብ ሽፋን በተሻለ ያስተማምናል ብንል አናጋንንም።

ወደ ሻንጣ ስንመጣ የመጀመሪያው ጥያቄ ጎማ ነው። በአራቱም አቅጣጫ የሚሽከረከሩት አራት ትናንሽ ጎማዎች በአየር ማረፊያ ወለል ላይ ያምራሉ። በኮብልስቶን ላይ ግን ቶሎ ይሰበራሉ። ከሰፈር ውስጥ እስከ ዋናው መንገድ ሻንጣውን የሚጎትት ሰው ሁለት ትላልቅ፣ የተወሰነ ክፍላቸው በአካሉ ውስጥ የተቀበረ ጎማ ያለውን ቢመርጥ ይሻለዋል። በብሎን የታሰረ ጎማ ይቀየራል፤ በሪቬት የተመታው ግን ያስቸግራል። ከላምበረት መናኸሪያ በአውቶቡስ ለሚሄድና ሻንጣው ፖርቶ መጋላ ላይ ለሚጫንበት ሰው ደግሞ ጎማ የሌለው ወፍራም የጨርቅ ሻንጣ የተሻለ ነው፤ ገመድ ቢጠብቅበት አይሰነጠቅም።

ጠንካራ ሽፋን ካላቸው ሻንጣዎች ውስጥ ርካሾቹ አብዛኛውን ጊዜ ከኤቢኤስ የተሠሩ ናቸው፤ ሲወድቁ ይሰነጠቃሉ። ፖሊካርቦኔትና ፖሊፕሮፒሊን ይተጣጠፉና ይመለሳሉ። ክዳኑን በመዳፍ ተጭናችሁ ብትለቁት ሳይነጣና ሳይጮህ ወደ ቦታው መመለስ አለበት።

ለአውሮፕላን ጉዞ መጠኑ ወሳኝ ነው። በብዙ አየር መንገዶች የኢኮኖሚ ትኬት አንድ ሻንጣ ከ23 ኪሎ፣ ርዝመቱ፣ ስፋቱና ቁመቱ ተደምሮ ከ158 ሴንቲ ሜትር እንዳያልፍ ይጠበቃል። በኢትዮጵያ አየር መንገድ በእጅ የሚያዘው 7 ኪሎ ነው። ባዶውን 5 ኪሎ የሚመዝን ሻንጣ ከገዛችሁ 18 ኪሎ ብቻ ቀራችሁ፤ ስለዚህ ከመግዛታችሁ በፊት ባዶውን መዝኑት። ፓወር ባንክ ከሚጫነው ሻንጣ ውስጥ አይገባም፤ ከእጅ ቦርሳ ጋር ነው የሚሄደው። የዚፕ ሻንጣ በቁልፍ ቢታሰርም ጥርሱ መሐል በእስክሪብቶ ተወግቶ ሊከፈትና መልሶ ሊዘጋ ይችላል፤ ወርቅ፣ ገንዘብና ሰነድ ከእጃችሁ አይራቅ። ከዐረብ አገር የዓመታት ድካማቸውን በሁለት ሻንጣ ይዘው ለሚመለሱ እህቶቻችን ይህ ትልቅ ጉዳይ ነው።

ለሐጃጅ የምንለው ትንሽ ይለያል። ኢሕራሙን ከሚጫነው ሻንጣ ውስጥ የከተተ ሰው ሚቃት ላይ ሲደርስ የሚለብሰው የለውም፤ በእጅ ቦርሳ ይያዝ። ትልቁ ሻንጣ ማረፊያ ቤት ይቀራል። ለሚና፣ ለዐረፋና ለሙዝደሊፋ ሌሊት የሚያስፈልገው ከ20 እስከ 25 ሊትር የሚይዝ ቀላል የጀርባ ቦርሳ ነው፤ ምንጣፍ፣ ውኃ፣ መድኃኒትና የጠጠር ከረጢት ይበቃዋል። ገንዘብ የሚያዝበትን የወገብ ቀበቶ ብዙኃኑ ሊቃውንት በኢሕራም ውስጥ ፈቅደዋል። ዘምዘም ሻንጣ ውስጥ ተጠቅልሎ እንዲገባ አይፈቀድም፤ በታሸገ ባለ 5 ሊትር ዕቃው ለብቻው ይሰጣል።

ስለ ቆዳ አንድ ነገር። ከውጭ የሚገቡ አንዳንድ ቦርሳዎች ገበራቸው የአሳማ ቆዳ ይሆናል። የጸጉሩ ቀዳዳዎች ሦስት ሦስት ሆነው በሦስት ማዕዘን ቅርጽ የሚታዩበት ቆዳ ያጠራጥራል። የአሳማ ቆዳ በመለፋት አይጠራም የሚሉት አብዛኞቹ የፊቅህ ሊቃውንት ስለሆኑ፣ በተለይ ሙስሐፍ የሚያዝበት ከሆነ ሻጩን መጠየቅ ተገቢ ነው። የአገራችን የበግ፣ የፍየልና የከብት ቆዳ እያለ ለምን በጥርጣሬ ውስጥ እንገባለን?

ዋጋ ሲወደድ ሰልባጅም አለ። ያገለገለ ጥሩ ቦርሳ ከአዲስ ደካማ ቦርሳ ይሻላል ብለን እናምናለን፤ ጨርቁና ስፌቱ ደህና ከሆነ ዚፕ ይቀየራል። ዚፕ ሲከፈት ብዙ ጊዜ ያረጀው ጥርሱ ሳይሆን ራሱ ነው። የዚፑን ራስ ጎንና ጎን በፒንሳ ቀስ አድርጎ መጫን ወይም ራሱን ብቻ ማስቀየር ይበቃል። የተበጠሰ ማንገቻ ለጫማ ሰፊ ይሰጥ፤ ወፍራም መርፌና የሰም ክር ያለው እርሱ ነው።

ሻንጣችሁ በበረራ ላይ ተሰብሮ ከደረሰ ከአየር ማረፊያው ሳትወጡ የጉዳት ቅጽ አስሞሉ፣ ፎቶ አንሱ፣ የሻንጣውን ቁጥር የያዘችውን ወረቀት አትጣሏት። በ1999 እ.ኤ.አ. በተፈረመው የሞንትሪያል ስምምነት መሠረት የጉዳት አቤቱታ በጽሑፍ የሚቀርበው ሻንጣውን ከተረከባችሁ በ7 ቀን ውስጥ ነው፤ ዘግይቶ ለደረሰ ሻንጣ ደግሞ በ21 ቀን ውስጥ።