ዜና ዶክተር ዳንኤል ገመቹ ወሠራዊቱ

በረድኤተ እግዚአብሔር የዶክተር ዳንኤል ገመቹ ዳቲኮን፣ በሲዳማ ምድርም የሳንባ ነቀርሳን ያሳደዱትን ሴቶች ዜና እንጽፋለን። የምንጽፈው በሐዋሳ፣ በፒያሳ ተቀምጠን ነው፤ ልባችንም ወደ እነርሱ ያደላል። የልጅነታቸውን ነገር ትተን ከሥራቸው እንነሣ።

በ1995 ዓ.ም. የጤና ኤክስቴንሽን መርሐ ግብር ተጀመረ፤ በየቀበሌውም ሴቶች የጤና ሠራተኞች ሆነው ተመደቡ። ነቀርሳ ግን የጤና ጣቢያ ነገር ሆኖ ቀረ፤ የሚያስለው ራሱ ተጉዞ ካልመጣ የሚያየው አልነበረም። ያን ጊዜ ዶክተር ዳንኤል ከኖርዌያዊው ሐኪም ከበርንት ሊንትዮርን ጋር ሆነው በሲዳማ፣ በዳሌና በወንሾ ወረዳዎች፣ 51 ቀበሌዎችን በዕጣ ለዩ። በ30ው ሴቶቹ አክታ እንዲሰበስቡ አደረጉ። ጥናቱ በ2001 ዓ.ም. ሲታተም፣ በእነዚህ ቀበሌዎች የተገኘው ሕመምተኛ ይኖራል ተብሎ ከተገመተው 122 በመቶ ደርሶ ነበር፤ በሌሎቹ 69 ብቻ። በእነዚያ በ21ዱ ለማነጻጸር ሲባል ነገሩ እንደ ዱሮው ቆየ፤ የጥናት ሥርዓት እንዲህ ነው፤ በዚያ ሲያስሉ የከረሙትን እግዚአብሔር ያስባቸው።

በ2003 ዓ.ም. መጀመሪያ ታላቁ ዘመቻ ሆነ። ዶክተር ሙሐመድ አህመድ ያሲንና ዶክተር ዳንኤል ከባልንጀሮቻቸው ጋር ከ3 ሚሊዮን በላይ ሕዝብ በነበረበት በያኔው የሲዳማ ዞን ሁሉ ሥራውን ዘረጉ። ሴቲቱ በእንሰቱ መካከል አልፋ ወደ ደጅ ትደርሳለች፤ «ሁለት ሳምንት ያሳለው ማን አለ?» ብላ ትጠይቃለች። አክታውን ተቀብላ በስላይድ ላይ በስሱ ትቀባለች፤ እስኪደርቅ ትጠብቃለች፤ በነበልባል ላይ ታሳልፋለች፤ በሣጥን ታኖራለች። ተቆጣጣሪው መጥቶ ወደ ላቦራቶሪ ይወስደዋል። በሽታው ከተገኘም መድኃኒቱ ወደ ሰፈሩ ይመጣል።

እስከ ታኅሣሥ 2004 ዓ.ም. 49,857 ሰዎች ተመረመሩ። ከመቶው 60ው ሴቶች ነበሩ፤ ቀድሞ ከቤት ወጥተው ጤና ጣቢያ ለመድረስ ያልተመቻቸው እነዚህ ናቸው። በ2,262ቱ አክታ ጀርሙ ታየ። ከ100,000 ሰው በዓመት 64 ይመዘገብ የነበረው 127 ሆነ። ሕክምናውን በመልካም የፈጸሙት ከ77 ወደ 93 በመቶ ወጡ፤ ጥለው የሚጠፉትም ከ11 ወደ 3 ወረዱ። የእግዚአብሔር ስም የተመሰገነ ይሁን።

ዶክተር ዳንኤል በበርገን ዩኒቨርሲቲ የዶክትሬት ጽሑፋቸውን ያቀረቡት በዚሁ በነቀርሳ ነገር ነው። የዘመቻው ጥናት በ2005 ዓ.ም. ታተመ፤ የሊቃውንቱ ስም በራስጌው ተጻፈ። ስላይዱን በነበልባል ያሳለፉት ሴቶች በቁጥር ገቡ።