በብረትና በጽሑፍ መካከል፤ የማይክሮፕሮግራም አነሣሥና የፊደላችን ጉዳይ

ይህችን መጽሔታችንን በእጃችን ጽፈን፣ በእጃችን ገልብጠን ከቤት ወደ ቤት ስናዘዋውር ልብ የማንለው አንድ ነገር አለ። ብዕር የሚጽፈውን ፊደል አያውቅም። እኛ «ሀ» ብንልበት፣ ጎረቤቶቻችን ባሪዎች የራሳቸውን ቢጽፉበት፣ ዐረብኛ ከቀኝ ወደ ግራ ቢሄድበት ለብዕሩ ሁሉም አንድ ነው። ኮምፒዩተር ግን እንዲህ አልነበረም። የትኛውን ፊደል እንደሚያውቅና የትኛውን እንደማያውቅ ገና ፋብሪካ ሳለ ተወስኖበት ይወጣ ነበር። በዚህ እትም የምናወራው ያ ውሳኔ በመኪናው ሆድ ውስጥ የት ተጽፎ እንደሚቀመጥ፣ ማን እንዳሰበውና ኋላም እንዴት ሊፋቅ እንደቻለ ነው። ነገሩ የተጀመረው በሩቅ አገር ቢሆንም ዞሮ ዞሮ ወደ ፊደላችን ይመጣል። የምንጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮጳ አቈጣጠር ናቸው።

ኮምፒዩተር ሁለት ወገን እንዳለው ብዙዎቻችን ሰምተናል። አንደኛው በእጅ የሚዳሰሰው ብረቱና ሽቦው፣ ሃርድዌር የሚባለው ነው። ሁለተኛው ሰው የሚጽፍለት የትእዛዝ ዝርዝር፣ ሶፍትዌር የሚባለው ነው። ይሁንና አንድ ትእዛዝ በውስጡ ብዙ ጥቃቅን እርምጃዎች አሉት። «እነዚህን ሁለት ቍጥሮች ደምር» ሲባል አንደኛው ቍጥር ከማኅደር ይወጣል፤ ወደ መደመሪያው የሚወስደው በር ይከፈታል፤ ሁለተኛው ይመጣል፤ ይደመራል፤ በሩ ይዘጋል፤ ውጤቱ ተመልሶ ይቀመጣል። በቤታችን «ቡና ይፈላ» ሲባል መልቀሙ፣ ማጠቡ፣ መቍላቱ፣ መውቀጡ ሳይነገር እንደሚታወቅ ማለት ነው። ያንን ያልተነገረ ዝርዝር የሚያውቀው የመቈጣጠሪያ ክፍል ይባላል። በመጀመሪያዎቹ ኮምፒዩተሮች ይህ ክፍል እንደ ችግሩ ዐይነት እዚህም እዚያም የተቀጣጠለ የሽቦ ጥልፍልፍ ነበር። አንድ ትእዛዝ ልጨምር ያለ መሐንዲስ ሽቦ መፍታትና እንደገና መበየድ ነበረበት።

ይህ ጥልፍልፍ የከነከነው ሰው ሞሪስ ዊልክስ ይባላል። በእንግሊዝ አገር በካምብሪጅ ዩኒቨርሲቲ የሒሳብ ላቦራቶሪ ኀላፊ ነበር። ከባልደረቦቹ ጋር የሠራው ኤድሳክ የተባለው ኮምፒዩተር ሜይ 6 ቀን 1949 ሥራ ጀመረ፤ ደኅናም ሠራ። ዊልክስን ያላስደሰተው የመኪናው መልክ ነበር። ማኅደሩ እንደ ማር እንጀራ በሥርዓት የተደረደረ ሲሆን፣ የመቈጣጠሪያው ክፍል ግን መላ ቅጥ አልነበረውም። በ1950 ወደ አሜሪካ ተሻግሮ በማሳቹሴትስ የቴክኖሎጂ ተቋም ዊርልዊንድ የተባለውን ኮምፒዩተር አየ። በዚያ መኪና የመቈጣጠሪያው ክፍል እንደ ጥልፍ ሰበዝ በመደዳና በዐምድ የተሠራ መረብ ነበር፤ ለእያንዳንዱ ትእዛዝ የትኛው በር መቼ እንደሚከፈት መረቡ ላይ ሰፍሮ ይነበባል።

ዊልክስ አንድ እርምጃ ጨመረበት። ዋናው ነገር ያለው እዚህ ላይ ነው። እያንዳንዱ መደዳ የሚከፈቱትን በሮች ከመናገሩም በላይ «ከእኔ ቀጥሎ ወደዚያኛው መደዳ ሂድ» ብሎ ይጠቁም፤ ደግሞም ውጤቱ ከዜሮ በታች ከሆነ ወደ አንዱ፣ ካልሆነ ወደ ሌላው እንዲል መንታ መንገድ ይኑረው አለ። ይህ ሲሆን መረቡ መረብ መሆኑ ይቀርና ጽሑፍ ይሆናል። በፕሮግራሙ ውስጥ ሌላ ትንሽ ፕሮግራም ገባ ማለት ነው። ስሙንም ማይክሮፕሮግራም አለው። ሐሳቡን በሕዝብ ፊት ያቀረበው በጁላይ 1951 በማንቸስተር በተደረገ ጉባኤ ሲሆን፣ በ1953 ደግሞ ከስትሪንገር ጋር ሆኖ ሰፋ አድርጎ ጻፈው። እኛ እንደሚመስለን የዊልክስ ትልቅነት አዲስ ብረት ማምጣቱ አይደለም፤ ብረት ነው ተብሎ የተተወውን ሥራ ሰው ሊያነበውና ሊያርመው የሚችል ጽሑፍ ማድረጉ ነው።

ሐሳቡ ወዲያው አልተስፋፋም፤ ምክንያቱም ያንን ትንሽ ጽሑፍ በፍጥነት የሚያነብ ርካሽ ማኅደር አልነበረም። ካምብሪጆች ራሳቸው ኤድሳክ ሁለት የተባለውን ሥራ ላይ ያዋሉት በ1958 ነው። የዚያ መኪና ማይክሮፕሮግራም የተቀመጠው 32 በ32 ሆነው በተደረደሩ፣ በድምሩ 1024 በሆኑ ትንንሽ የማግኔት ቀለበቶች ላይ ሲሆን፣ ቃሉ የሚወሰነው ሽቦው በየትኛው ቀለበት ውስጥ እንዳለፈና በየትኛው እንዳላለፈ ነበር። ሸማኔ ድርና ማጉን እንደሚያስኬድ ዐይነት ነው። ጥለቱ አንዴ ከተሸመነ በኋላ እንደሚቀር ሁሉ፣ ያም ጽሑፍ የሚነበብ እንጂ በቀላሉ የሚፋቅ አልነበረም።

ነገሩን ወደ ገበያ ያወጣው አይ.ቢ.ኤም. የተባለው ኩባንያ ነው። ኩባንያው ኤፕሪል 7 ቀን 1964 ሲስተም 360 ብሎ ያስተዋወቀው አንድ መኪና ሳይሆን፣ ከትንሽ እስከ ትልቅ የተለያዩ መኪናዎች ሆነው ሁሉም አንድ ዐይነት ትእዛዝ የሚሰሙበት ቤተሰብ ነበር። የትንሹ ሆድ ከትልቁ ሆድ ጋር ፈጽሞ አይመሳሰልም፤ ያስማማቸው ማይክሮፕሮግራሙ ነው። በእንግሊዝ አገር ሐርስሊ በተባለው የኩባንያው ላቦራቶሪ የነበሩ መሐንዲሶች ስለ ዊልክስ ሐሳብ ብዙ ተሟግተዋል፤ ሞዴል 40ንም የሠሩት እነርሱ ናቸው። በሞዴል 30 ላይ ማይክሮፕሮግራሙ በቀዳዳ ካርዶች ተቀምጦ ነበር። ማረም የሚያስፈልግ እንደሆነ ካርዱ ወጥቶ ሌላ ይገባል፤ ብየዳ ቀረ።

ከዚህ የበለጠ ጥቅም ደግሞ ነበረው። ቀድሞ 1401 የተባለው የዚሁ ኩባንያ መኪና ከ10,000 በላይ ተሠርቶ ነበር፤ ባለቤቶቹም ለዓመታት ያጻፏቸውን ፕሮግራሞች መጣል አልፈለጉም። አዲሱ መኪና በማይክሮፕሮግራም አማካይነት የአሮጌውን ቋንቋ እንዲናገር ተደረገ። አገሩን ለውጦ ቋንቋውን እንዳልለወጠ ሰው ያለ ነው፤ እኛ ጎሮም ያለን ይህን ለመረዳት ብዙ ማብራሪያ አያስፈልገንም።

በጃንዋሪ 1967 አሸር ኦፕለር የተባለ ጸሐፊ ዳታሜሽን በተባለው መጽሔት ላይ ለዚህ መካከለኛ ነገር ስም አወጣለት፤ ፈርምዌር አለው። ሃርድ ጠንካራ፣ ሶፍት ለስላሳ ከሆነ፣ ፈርም ረጋ ያለ፣ የጸና፣ ሆኖም ድንጋይ ያልሆነ ማለት ነው። እርጎ ብንለው ከእውነቱ አንርቅም። በ1968 ተመራማሪዎች በዚሁ ጉዳይ ላይ ዓመታዊ ጉባኤ ማድረግ ጀመሩ። ኩባንያውም በ1970 ባስተዋወቀው ሲስተም 370 ሞዴል 145 ላይ ማይክሮፕሮግራሙን ሊፋቅ በሚችል ማኅደር አኖረው፤ መኪናው ሲበራ ከአንዲት ተጣጣፊ ክብ ሳሕን እየተነበበ ይጫናል። ስፋቷ 20 ሴንቲ ሜትር የሆነች ይህች ሳሕን ናት ኋላ ፍሎፒ ዲስክ ተብላ በየቢሮው የታወቀችው። የተወለደችው የሰው ደብዳቤ ለመያዝ ሳይሆን ፈርምዌር ለማጓጓዝ ነበር።

እንግዲህ ወደ ፊደል እንምጣ። ኦገስት 12 ቀን 1981 ይኸው ኩባንያ ፒሲ የተባለውን ትንሽ ኮምፒዩተር አወጣ፤ ዓለምንም አጥለቀለቀ። በዚያ መኪና ላይ የፊደሎቹ ቅርጽ ሮም በሚባል የማይፋቅ ማኅደር ውስጥ ታትሞ ነበር፤ ብዛታቸውም 256 ብቻ ነው። የላቲን ፊደል አለ፣ ጥቂት የግሪክ ምልክት አለ፣ ሠንጠረዥ ማስመሪያ መስመሮች ሳይቀሩ አሉ። ግዕዝ የለም። ደግሞም ቦታው በሙሉ ይለቀቅልን ቢባል እንኳ አይበቃንም ነበር። 33ቱ ፊደላት በ7 ሲባዙ 231 ናቸው፤ ከ፩ እስከ ፼ ያሉት ቍጥሮቻችን 20 ሲሆኑ ድምሩ 251 ይመጣል። እነ ቋ፣ ኋ፣ ሏና ነጠብጣቦቹ ገና አልተቈጠሩም።

በእርግጥ ችግሩ በኮምፒዩተር አልተጀመረም። ኢንጂነር አያና ብሩን የመሳሰሉ ሰዎች ፊደላችንን በጽሕፈት መኪና ለማውጣት በደከሙበት ዘመንም ቍልፉ ጥቂት፣ ፊደሉ ብዙ ነበር። መፍትሔውም የፊደሉን እጅና እግር ለብቻው መቅረጽና ሁለት ጊዜ እየመቱ መገጣጠም ሆነ። በዚያ መኪና የተጻፈ ደብዳቤ ያየ ሰው የተንጠለጠለውን ቅጥያ ያስታውሳል። ነገር ግን በጽሕፈት መኪና ላይ ጥፋቱ በዐይን ይታያል፤ መዶሻውን ፈትቶ ሌላ መግጠም ይቻላል። በኮምፒዩተሩ ግን ውሳኔው በሺህ በሚቈጠሩ ጥቃቅን ነጥቦች ሆኖ በማይከፈት ጥቍር ቁራጭ ውስጥ ተቀበረ።

መውጫው የተገኘው ከሁለት ወገን ነው። አንደኛው፣ በ1984 ኢ.ጂ.ኤ. የተባለው የስክሪን ካርድ ሲወጣ የፊደሎቹ ቅርጽ ሊፋቅ በሚችል ማኅደር ላይ እንዲጫን ፈቀደ፤ እስከ 512 ፊደልም ይይዛል። ሁለተኛው ከዚህ በፊት የተጀመረ ሲሆን፣ በእኛ ግምት ይበልጥ የሚደነቀው እርሱ ነው። በ1973 በካሊፎርኒያ በሴሮክስ ኩባንያ የምርምር ማእከል ቻርልስ ታከር የነደፈው አልቶ የተባለ ኮምፒዩተር ተሠርቶ ነበር። የአልቶ ማይክሮፕሮግራም በ16 ሥራዎች እየተዘዋወረ፣ ከእነዚህም በአንዱ 606 በ808 ነጥብ ያለውን ስክሪን ራሱ ይሥል ነበር። ፊደል ከፋብሪካ ታትሞ የመጣ ቅርጽ መሆኑ ቀርቶ ሥዕል ሆነ ማለት ነው። መኪናውም እንደ ብዕር ሆነ።

ከዚህ ቤት የወጣው ጆ ቤከር የብዙ ቋንቋ ጽሕፈትን ጉዳይ በ1984 በሳይንቲፊክ አሜሪካን መጽሔት አስረዳ፤ በ1988ም ለዓለም ፊደላት ሁሉ አንድ የቍጥር መዝገብ ይኑር ብሎ ዩኒኮድ የተባለውን ሐሳብ አቀረበ። በዚያው በካሊፎርኒያ አቶ ፍሥሐ አጥላው ዳሸን ኢንጂነሪንግ በሚል ስም በ1980ዎቹ የግዕዝ ፊደል መጻፊያ ፕሮግራም ሠርተው ነበርና፣ ፊደላችን በዚህ መዝገብ እንዲገባ ቀድመው ከደከሙት አንዱ ሆኑ። መዝገቡ ያስፈለገበት ምክንያት ለእኛ ግልጽ ነው። ቅርጹን መሣል ከተቻለ በኋላ ሁሉም በየቤቱ ለፊደላችን የየራሱን ቍጥር ሰጠው፤ በአንዱ ፕሮግራም «ሰላም» ተብሎ የተጻፈ በሌላው ሲከፈት ትርጕም የሌለው ዝብርቅርቅ ይሆን ነበር።

ፈርምዌር በኋለኛው ዘመን ምን እንደደረሰበት ባጭሩ እንለፈው። በ1980 ገደማ በርክሌይ የነበረው ዴቪድ ፓተርሰንና ጓደኞቹ ማይክሮፕሮግራሙ ከመጠን በላይ ስለተወሳሰበ ትእዛዙን ቀለል አድርጎ እርሱን መተው ይሻላል ብለው ተነሡ፤ በየኪሳችን ያሉት ስልኮች ቀልብ የሚሠራው በዚህ መንገድ ነው። ሌላው ወገን ሳይተወው ቀጠለ። በ1994 ፔንቲየም የተባለው የኢንቴል ቀልብ አንዳንድ ቍጥሮችን አሳስቶ ሲያካፍል ተገኘ፤ ከውጭ ሊታረም ስላልቻለ ኩባንያው ዕቃውን ለመለወጥ 475 ሚሊዮን ዶላር መደበ። በ1995 የወጣው ተከታዩ ግን ማይክሮፕሮግራሙ ከውጭ በሚጫን ማረሚያ ሊስተካከል ይችል ነበር።

ሁሉም የተቈለፈ በር ግን አልተከፈተም። በስልክ የሚላከው አጭር መልእክት ገና ሲነደፍ 140 ባይት ተመደበለት። በላቲን ለሚጽፍ ሰው ይህ 160 ፊደል ያሲዛል፤ በአማርኛ ሲጻፍ 70 ብቻ ነው። ከጁባ ወደ አገር ቤት አንድ ረዘም ያለ መልእክት በፊደላችን የላከ ሰው ሂሳቡ የሁለት ወይም የሦስት ሆኖ ሲቈረጥ ምክንያቱ ይህ ነው። ብዙዎቻችንም አማርኛውን በላቲን ፊደል መጻፍ የለመድነው ስለ ዘመናዊነት ሳይሆን ስለዚሁ ሂሳብ ነው።

ጎረቤቶቻችንም ከዚህ ታሪክ ውጭ አይደሉም። ከጁባ በስተደቡብ በነጭ ዓባይ ዳር ባለችው በረጃፍ በኤፕሪል 1928 የቋንቋ ጉባኤ ተደርጎ፣ ባሪን ጨምሮ የደቡብ ሱዳን ቋንቋዎች በምን ዐይነት የላቲን ፊደል እንደሚጻፉ ተወሰነ። ባሪዎች አምላክን ሲጠሩ ከሚጀምሩበት ከአፍንጫ ለሚወጣው ድምፅ ጅራቱ የታጠፈ «ን» መሰል ፊደል ተመረጠለት። ያም ፊደል በ1981ዱ ፒሲ 256 ቅርጾች ውስጥ አልነበረም። በዩኒኮድ መዝገብ የገባው በ1991 ነው። የእኛው ፊደል ከእነርሱ 8 ዓመት ዘግይቶ በሴፕቴምበር 1999 በ345 ምልክቶች ገባ። ከእነዚህም መካከል ለብሌን ቋንቋ የሚያገለግለው ጘ አለበት፤ ድምፁም ያው ከአፍንጫ የሚወጣው ነው። ስለዚህ የባሪዎቹን የአምላክ ስም በእኛ ፊደል ልጻፍ ያለ ሰው ዛሬ «ጙን» ብሎ በኮምፒዩተር ሊያወጣው ይችላል።